ከሰርተፍኬቱ በኋላ ማን አለ?

የሥነ ልቦና ምክር በአጭር ስልጠና ተጀምሮ በአጭር ስልጠና የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ግን በአማራ ክልል የተለመደው አሠራር ይኸው ሆኗል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራን ለጥቂት ቀናት አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ሰርተፍኬት ተቀብለው ወደየቀበሌያቸው ይመለሳሉ፤ ሪፖርት ይጻፋል። ይህ አይበቃም ለሚል ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ዚምባብዌ ውስጥ አያቶች እንኳ ይህን ሥራ ይሠራሉ።

ይሠራሉ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ምባሬ ሰፈር ሥራውን የጀመረው ከ14 አያቶች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናትም በ24 ክሊኒኮችና በ573 ታካሚዎች ላይ የምክራቸውን ውጤት አሳይቷል። ነገር ግን አያቶቹ ብቻቸውን አልተተዉም። የከበዳቸውን ሰው የሚልኩለት፣ ጉዳያቸውን የሚመረምርላቸው ተቆጣጣሪ ከጎናቸው ነበር። እዚህ ግን ምሳሌው የሚጠቀሰው አያቶቹን ይዞ ተቆጣጣሪውን ጥሎ ነው፤ በዚህም ሰው ይጎዳል።

ጉዳቱ ዱርቤቴ ከተማ ላይ እንዲህ ይታያል። ከደቡብ አቸፈር ገጠር የመጣ ገበሬ ጭንቀት ያዘኝ ብሎ አይጀምርም፤ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይመታኛል ይላል። ስልጠናውን የወሰደችው አማካሪ ቀስ ብላ አስወርታው፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ትጠይቀዋለች። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙዎች ግን ይህን ስለሚፈሩ ዝም ይላሉ። አዎ ካለ፣ በፈቃዱ አንድ የሚያምነው ዘመድ ይጠራል፤ ለበቆሎው የተገዛው ፀረ ተባይ በዚያው ዕለት ከቤት ይወጣል፤ ገበሬውም ብቻውን አይተውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አማካሪዋ ብቻዋን ልትወጣው አትችልም። ለማን ትደውል? በመራዊ አልፎ ባሕር ዳር ለመድረስ የመሳፈሪያ ገንዘብ ለሌለው ሰው ሪፈር መጻፍ ሕክምና አይደለም። እሷም የሰማችውን ተሸክማ ቤቷ ትገባለች፤ ምናልባት የራሷም ሐዘን አለባት። የሚያግዛት ካጣች ውሎ አድሮ መጠየቁን ትተዋለች። «አይዞህ፣ ያልፋል» ብላ ትሸኘዋለች። ይህንንማ ጎረቤቱም ይለዋል።

ለስልጠናው አዳራሽና ለአበሉ የሚወጣው ገንዘብ መዋል ያለበት አማካሪዋን ለሚያግዝ ሰው ነው። ባሕር ዳር ካሉት ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ሆስፒታል አንድ የሥነ አእምሮ ነርስ በታወቀ ቀን ዱርቤቴ ይምጣ፤ የከበዱትን ሕሙማን ከአማካሪዎቹ ጋር አብሮ ይይ። መንገድ በተዘጋ ጊዜ በስልክ ይገኝ። ይህ ሳይሟላ አዲስ ሠልጣኝ መጥራት ይቁም።