በዶላር ከሚታደስ ፈቃድ በብር የሚከፈል ባለሙያ ይሻላል

ነጋዴ ዕቃ ሲያስመጣ ሳንቲም ሳይቀር ይቆጥራል። የመርከብ ኪራዩን፣ ቀረጡንና የመጋዘን ወጪውን ደምሮ ዋጋ ይተምናል። በቢሮው ጓዳ ሌት ተቀን የሚሠራውን ሰርቨር ግን ከዚህ ስሌት የሚያስገባው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሰርቨሩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌርም ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ ነው፤ መጋዘን አያርፍም እንጂ ሒሳቡ የሚመጣው በዶላር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። 10 ሺህ ዶላር የሚጠይቅ የፈቃድ ክፍያ ቀድሞ 570 ሺህ ብር ይፈጅ ከነበረ፣ በዚህ ስሌት 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ብር ገባ ማለት ነው። ድርጅቱ በምላሹ ያገኘው ተጨማሪ አገልግሎት የለም።

የተለወጠው ምንዛሪው ብቻ አይደለም። በዚህ ሙያ ለረጅም ዓመታት ገበያውን ይመራ የነበረውን ቪኤምዌርን የአሜሪካው ብሮድኮም በኅዳር 2016 ዓ.ም. ጠቅልሎ ገዛው። ወር ሳይሞላም አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያዘውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ ደንበኞችን በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ አዞረ። ቀድሞ ንብረት የነበረው ኪራይ ሆነ፤ ኪራዩም በዶላር ነው።

ለመሆኑ ቪኤምዌር የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? አዲሱ ገበያ ላይ አንድ ሰፊ አዳራሽ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ይበቃል። አዳራሹን ሸንሽኖ ለብዙ ነጋዴ ያከራያል። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ቁልፍና የራሱ ሒሳብ አለው፤ ጣሪያውና መሠረቱ ግን አንድ ነው። ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለውም ይኸው ነው። የሒሳብ ሥራው፣ የዕቃ ክምችት መዝገቡና የሠራተኞች ፋይል ለየብቻቸው ማሽን ይዘው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሥራ ከሚቆሙ፣ አንድ ጠንካራ ማሽን ተሸንሽኖ ሁሉንም ያስተናግዳል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር በተወሰነበት ወቅት፣ የማሽን ቁጥር መቀነስ በራሱ ትርፍ ነው።

ይህን ሥራ የፈቃድ ክፍያ ሳይጠይቅ የሚሠራ ሶፍትዌር አለ። ኬቪኤም የተባለው ክፍት ምንጭ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2007 የሊኑክስ አካል ሆኗል፤ ጉግልም ለደንበኞቹ የሚያከራየውን የክላውድ አገልግሎት በዚሁ ላይ ነው የገነባው። በኬቪኤም ላይ የተመሠረተው የኦስትሪያው ፕሮክስሞክስ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለ ሲሆን፣ በ2024 ደግሞ በቪኤምዌር ላይ ያሉ ማሽኖችን በቀጥታ ወደ ራሱ የሚያዛውር መሣሪያ ጨምሯል። በአገር ውስጥም ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስበው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ነው። ነገሩ የጀማሪዎች ሙከራ ነው የሚለው ክርክር እንግዲህ ውኃ አያነሳም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የፈቃድ ክፍያ የለውም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በፒችትሪ ሒሳቡን የሚይዝ ድርጅት የዊንዶውስ ፈቃዱን መክፈሉ አይቀርም፤ የሚቀረው የመሸንሸኛው ዋጋ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ቢቆም ስልክ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። ቀደም ሲል ለውጭው ኩባንያ የሚከፈለው ገንዘብ በከፊል የዚህ ሰው ዋጋ ነበር።

የጉዳዩ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 1 ነጥብ 3 ሚሊዮን ብር ለ12 ወር ሲካፈል በወር 108 ሺህ ብር ይሆናል። ይህ በወር 50 ሺህ ብር ለሚከፈላቸው 2 ባለሙያዎች የዓመት ደመወዝ ይበቃል። አንደኛው ወጪ በየዓመቱ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በድርጅቱ ውስጥ ዕውቀት ሆኖ ይቀራል። ዶላሩ ሲወጣም አብሮ አይወጣም። ፈቃዱን ቆጥቦ ባለሙያውን ሳይቀጥር የሚቀር ባለድርጅት ግን ያተረፈው ችግር ነው።

ሦስተኛ መንገድ የሚመርጡም አይጠፉም፤ የተሰበረ ኮፒ መጫን ወይም የድጋፍ ውሉ ያበቃበትን አሮጌ ሥርዓት እንዳለ መተው። የመጀመሪያው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ያስጠይቃል። ሁለተኛው ምን እንደሚያመጣ በጥር 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ታይቷል። በብዙ አገሮች በሺዎች የሚቆጠሩ የቪኤምዌር ሰርቨሮች በአጋቾች ተቆልፈው ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። አጋቾቹ የገቡበት ቀዳዳ መድፈኛ ከወጣለት 2 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር። የተጠቁት ማስተካከያውን ያልጫኑት ናቸው።

ታዲያ ከየት ይጀመር? ሁሉን በአንድ ሌሊት ማዛወር አይመከርም። በመጀመሪያ ቢቆም ሽያጭ የማያቆመው ሥራ ይዛወር፤ ለ3 ወር ይታይ። የተሸነሸነ አዳራሽ ጣሪያው ቢያፈስ ሁሉም ሱቅ ይረጥባልና፣ ማሽኑ ከአንድ ሁለት ይሁን። መጠባበቂያ ቅጂው ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ፤ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሰጣል፣ በአይሲቲ ፓርክም የግል የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል። ቅጂው በእርግጥ ተመልሶ እንደሚሠራም በየጊዜው ይሞከር። የሥራው ዝርዝር በጽሑፍ ይያዝ፤ አንዱ ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢሄድ ድርጅቱ አብሮት መሄድ የለበትም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ፉክክሩ በባንኮች ብቻ የሚቆም አይመስልም፤ አከፋፋዩም፣ የመድኃኒት አስመጪውም፣ የግል ኮሌጁም ወጪውን እንደገና ማየቱ አይቀርም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው በኪራይ ሶፍትዌር ላይ ተደላድሎ መቀመጥ አያዋጣም። ቀጣዩ የዕድሳት ሒሳብ ከመምጣቱ በፊት፣ ጊዜ ሳለ መወሰን ነው፤ ሒሳቡ ጠረጴዛ ላይ ካረፈ በኋላ የሚደረግ ሽግግር በጥድፊያ የሚሆን ነው።