የድሮው ፈንክ ተመልሷል፤ ክፍያውስ ለማን ይደርሳል?

ቲክቶክ ላይ አዲስ የፖፕ ዘፈን ሰምታችሁ «ይሄን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ» ካላችሁ ጆሯችሁ አልዋሸም። ወፍራሙ ቤዝ፣ ቆረጥ ቆረጥ የሚለው ጊታር፣ ድንገት የሚገቡት ትራምፔትና ሳክስፎን፣ የመጀመሪያው ምት ላይ የሚጠነክረው ድራም፤ ይሄ በ1960ዎቹና 70ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እነ ጄምስ ብራውን የሠሩት ፈንክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በ2013 ዳፍት ፓንክ «ጌት ላኪ»ን ሲሠሩ ጊታሩን ያስያዙት የ70ዎቹን የሺክ ባንድ ጊታሪስት ናይል ሮጀርስን ነበር። በ2014 መጨረሻ የወጣው የማርክ ሮንሰንና የብሩኖ ማርስ «አፕታውን ፈንክ» ደግሞ ቢልቦርድ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ገንዘቡ ሲመጣ ታዲያ ጥያቄውም መጣ፦ ይሄ ድምፅ የማን ነው?

በ«አፕታውን ፈንክ» ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱ ያለ ክስ ነው የተፈታው። ጋፕ ባንድ በ1979 ካወጣው ዘፈን ጋር ይመሳሰላል የሚል ጥያቄ ሲቀርብ፣ በ2015 የዚያ ዘፈን አምስት ደራሲዎች ስማቸው ተጨምሮ 17 በመቶ ድርሻ አገኙ።

የሮቢን ቲክና የፋረል ዊልያምስ «ብለርድ ላይንስ» ግን ፍርድ ቤት ደረሰ። የማርቪን ጌይ ቤተሰብ ከ1977ቱ ዘፈን ተወስዷል ብለው ተከራከሩ፤ በ2015 ወደ 7.4 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደላቸው፣ ኋላም ወደ 5.3 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2018 ውሳኔውን አጸና። ብዙ ሙዚቀኞች ደነገጡ። «የተመሳሰለው ዜማው ሳይሆን ስሜቱ ነው፤ ስሜት የሚያስከስስ ከሆነ ማን ይሠራል?» የሚል ነበር ስጋታቸው።

አሁን ነፋሱ የዞረ ይመስላል። በመጋቢት 2025 ኒውዮርክ ውስጥ በዱአ ሊፓ «ሌቪቴቲንግ» ላይ የቀረበ ክስ ውድቅ ሆኗል። ዳኛዋ ተመሳሳይ የተባሉት ነገሮች ማንም ሊጠቀምባቸው የሚችሉ የሙዚቃ መሠረቶች ናቸው ብለዋል።

በእኛ እይታ ይሄኛው መንገድ ይሻላል። ለምን? የራሳችንን ታሪክ እንይ። የአዲስ አበባ ባንዶች የአሜሪካንን ፈንክ ሰምተው ከትዝታና ከባቲ ቅኝት ጋር አዋሃዱት። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» አልበም የወጣው በ1977 ነው፤ ያው የማርቪን ጌይ ዘፈን በወጣበት ዓመት። ስልት ባለቤት ቢኖረው ኖሮ እንዲህ ያለ አልበም ከየት ይመጣ ነበር?

ግን ስልቱ የሁሉም ነው ማለት ሥራው የማንም አይደለም ማለት አይደለም። ዜማው ደራሲ አለው፣ ቀረጻውም ባለቤት አለው። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኢንተር»ን የሠሩት የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቀረጻ ቆርጠው አስገብተው ነው። እንዲህ ሲሆን የባለቤቱ ፈቃድ ግዴታ ነው።

የዋልያሱ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ይሄን በደንብ ያሳያል። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ ለዓመታትም ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። በ1985 የሠሩትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባህር ዳር አገኘው፣ ባለቤቱን ፈልጎ አነጋገራቸው፣ በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ።

እስቲ አስቡት፤ ካሴቱ ላይ ስማቸው ባይኖር ማን ብሎ ይፈልጋቸው ነበር?

እኛም ሀገር የድሮ ዘፈን በአዲስ ቅንብር መሥራት የተለመደ ነው። ደስ ይላል፣ ይቀጥል። ግን የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ ያቀናበረውና የተጫወተው ባንድ ስም ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የዘፋኙ ብቻ ይቀራል። ስም ከሌለ ክፍያም አድራሻ የለውም።

ስለዚህ የምትወዱትን ዘፈን ስትከፍቱ ከሥሩ ያለውን ዝርዝር እዩ። ስፖቲፋይ ላይ ሦስቷን ነጥብ ስትነኩ የደራሲዎቹ ስም ይመጣል። በድሮ ሙዚቃ ቪዲዮ ስትሠሩም የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የባንዱንም ስም ጻፉ።

እናንተስ? ዜማውን እያወቃችሁ ደራሲውን የማታውቁት የትኛው ዘፈን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እንፈልገው።