ጠበቃ ያለው ወይን፣ ጠበቃ የሌላት አበባ

እኛ ጃንጥላ ይዘን በምንወጣበት በሐምሌ ወር አውሮፓውያን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁጎ ይጠጣሉ። አረፋማ ወይን፣ የአበባ ሽሮፕ፣ ናና፣ ሎሚ፣ ጋዝ ያለው ውኃና በረዶ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ይኼ ደግሞ ከእኛ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። በዓለም ገበያ ላይ ስሙን የሚያስከብረውና ስሙን የሚነጠቀው ማን እንደሆነ በዚህች አንዲት ብርጭቆ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ስም የሚከበረው ጥንታዊ ስለሆነ አይደለም። የተደራጀ ባለቤት ስላለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወይኑ እንጀምር። በሁጎ ውስጥ የሚገባው ፕሮሴኮ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ወይን ነው። እስከ 2009 ድረስ ፕሮሴኮ የወይን ዝርያ መጠሪያም ነበር። የዝርያን ስም ደግሞ የራስ ብቻ ማድረግ ያስቸግራል፤ ችግኙን የተከለ ሁሉ በስሙ ይጠራዋላ! ጣሊያኖች ታዲያ ምን ዘየዱ? የዝርያውን ስም «ግሌራ» ብለው ለወጡት። ትሪየስቴ አጠገብ ፕሮሴኮ የምትባል መንደር ስላለች የምርት ክልሉን እሷ ድረስ ለጠጡት። ያኔ ስሙ የቦታ ስም ሆነ፤ የቦታ ስም ደግሞ በሕግ ይጠበቃል። ያቺ መንደር ዝነኛው ወይን ከሚመረትባቸው ከኮኔልያኖና ከቫልዶቢያዴኔ ኮረብታዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ቢርቅስ ምን ቸገራቸው? ካርታው ሠራላቸው።

«ገበሬውን ከአስመሳይ ለመከላከል ነው» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ከእውነት የራቀም አይደለም። ከዚያ በፊት በቆርቆሮ የታሸገ የኦስትሪያ «ፕሮሴኮ» በፓሪስ ሂልተን ማስታወቂያ ሲቸበቸብ ነበር። ጣሊያኖች ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የዚያው ሕግ ሌላ ፊት አለ። አውስትራሊያ ኪንግ ቫሊ ውስጥ የጣሊያን ስደተኞች ልጆች ያንኑ ዝርያ ተክለው ፕሮሴኮ ብለው ይሸጣሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት በንግድ ድርድር ለዓመታት «ስሙን ተዉ» ሲላቸው ኖሯል። ክሮኤሺያ ደግሞ ፕሮሼክ የሚባል፣ ከደረቀ ወይን የሚሠራ፣ ጣፋጭና አረፋ የሌለው የቆየ መጠጥ አላት። በ2021 ስሙ እንዲጠበቅላት ያቀረበችው ጥያቄ በኅብረቱ ይፋ ሲደረግ ጣሊያን «ከእኛ ጋር ይምታታል» ብላ ተነሣች። የዝርያ ስም ለውጣ ካርታ የለጠጠች አገር የጎረቤቷን የአያት መጠጥ «አስመሳይ» ስትል ሕግና ፍትሕ አንድ አለመሆናቸውን ትረዳላችሁ።

አሁን ወደ አበባዋ እንምጣ። ሁጎን በ2005 የፈጠረው ሮላንድ ግሩበር የተባለ ባርማን ነው፤ ቦታው ጀርመንኛ ተናጋሪዎች በሚበዙበት በጣሊያኑ ደቡብ ቲሮል፣ ናቱርንስ የምትባል ትንሽ ከተማ። መጀመሪያ የተጠቀመው የሎሚ ጠረን ባለው የሜሊሳ ቅጠል ሽሮፕ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኤልደር አበባ ሽሮፕ ቦታውን ወሰደ። ኤልደር በአውሮፓ በየመንገዱ ዳር የሚበቅል፣ በግንቦትና በሰኔ ነጭ ጥቃቅን አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ሽሮፑን የአልፕስ እናቶች በየጓዳቸው ሲሠሩት ኖረዋል። የመጠጡን ልዩ ጠረን የምትሰጠው እሷ ናት።

አበባዋ ግን ማኅበር የላትም፤ ጠበቃም የላትም። ዛሬ በጀርመን ሱቆች የተለያዩ ኩባንያዎች «ሁጎ» ብለው የታሸገ ጠርሙስ ይሸጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ብዙ ባሮች በሽሮፑ ፋንታ በ2007 ገበያ የወጣውን ሴን ዠርሜን የተባለ የአበባ ሊከር ይጨምራሉ። የአልኮል መጠኑ 20 በመቶ ነው፤ ባለቤቱም ከ2013 ጀምሮ ባካርዲ ነው። ቀላል እንዲሆን የተፈጠረው መጠጥ እንዲህ ከበደ፣ ተወደደም። ጠጪውም የሚያውቀው የጠርሙሱን ስም ነው።

ስለዚህ ሁጎ ካማራችሁ በእጃችሁ ሥሩት። ዘመዶቻችን ባሉበት በአውሮፓ አበባው በነፃ ይገኛል፤ የምታውቁትን ተክል ብቻ ቁረጡ። 20 ያህል የአበባ ዘለላ ሰብስቡ፤ አረንጓዴው ግንድና ቅጠሉ መርዛማነት ስላለው አስወግዱት። አንድ ሊትር ውኃ ከአንድ ኪሎ ስኳር ጋር አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። አበባውንና ሁለት የተከተፈ ሎሚ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ ለሁለት ቀን አስቀምጡ፤ ከዚያ አጥልላችሁ በፍሪጅ አኑሩት።

በትልቅ የወይን ብርጭቆ በረዶ ሙሉ። 20 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ ከዚያ 150 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ ፕሮሴኮ በቀስታ ቅዱ፤ አረፋው እንዳይሞት። ጋዝ ያለው ውኃ ጠብ አድርጉበት። አዲስ አበባ ላላችሁ አምቦ ውኃ ምን ጎደለው? ናናውን አትውቀጡት፣ ይመራል። በመዳፋችሁ መታ አድርጋችሁ ጣል አድርጉት። አንድ ቁራጭ ሎሚ ጨምሩና አንዴ ብቻ አማስሉ። አልኮል የማትቀምሱ ወይኑን ትታችሁ ውኃውን አብዙት፤ ጠረኑ የአበባዋ ስለሆነ አይቀርባችሁም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለጣሊያን አዝኜ ወይም ለአውስትራሊያ ተቆርቁሬ አይደለም። እኛም በዚህ መንገድ አልፈናል። በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክት፣ የአገሪቱ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ነገሩ ብዙ አነጋግሮ በ2007 ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ያን ጊዜ ያዋጣን «ቡና ከእኛ ነው የወጣ» የሚለው ታሪክ ብቻውን አልነበረም። ማመልከቻ ተጽፎ ስለነበረ፣ ተከታትሎ የሚሟገት ሰው ስለነበረ ነው።

ጠጅስ? አሜሪካ ውስጥ እዚያው የተጣለ ጠጅ በጠርሙስ ይሸጣል። ጌሾ ያልነካው የማር ወይን ጠጅ ተብሎ ቢቀርብ «ቆይ፣ ይህ ጠጅ አይደለም» ብሎ የሚቆመው ማን ነው? እኛ በየፌስቡኩ እንቆጣለን፤ ቁጣ ግን መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ፕሮሴኮዎች ስድብ አልጻፉም፤ ማኅበር አቋቁመው፣ ደንብ አጽድቀው፣ ጠበቃ ቀጠሩ። የጠጅ ጣዮችና የማር አምራቾች ማኅበራት፣ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣኑም ከዚህ ሊማሩ ይገባል። «ጠጅ ምንድን ነው?» የሚለውን እኛ በደንብ ካልጻፍነው ሌላ ሰው ይጽፍልናል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። በገበያ ግን የሚውለው የተመዘገበው ብቻ ነው።