ቃል የሌለው ሙዚቃ ዋዛ ነውን?

ፈራጅ ለመሆን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አድማጭ ሊሆን ይገባዋል። ዳኛ ከሳሽንና ተከሳሽን ሳይሰማ ቢፈርድ ፍርዱ ፍርድ እንደማይባል ኹሉ፥ ሸክላውን ሳይሰማ ሙዚቃውን የሚነቅፍ ሰውም ነቀፌታው ሐሜት እንጂ ሒስ አይባልም። ይህን እንድንል ያስገደደን በየመምህራኑ ክፍልና በየመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ስለ ዘመናዊው ሙዚቃችን የሚሰነዘረው ችኩል ፍርድ ነው። «ግጥም የሌለው ሙዚቃ መልእክት የለውም፤ በኤሌክትሪክ የሚጮኽ መሣሪያ የባዕድ ነው፤ የሚያሥቅና የሚያስፈነድቅ ነገርም ከቁም ነገር አይቈጠርም» ይባላል። እኛ ከሦስቱ በአንዱም አንስማማም። ያልተስማማንበትንም ምክንያት በአንድ ሸክላ ምስክርነት እናስረዳለን። የምንጠቅሳቸውን ዓመታት አንባቢ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ይረዳልን።

ይህ ሸክላ ዋልያስ ባንድና የኦርጋን ተጫዋቹ አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1977 ዓ.ም. ያወጡት «ቼ በለው» ነው። ከዚያ በፊት ሙዚቀኛ ማለት በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊት፥ የፖሊስ ወይም የቴያትር ቤት ደመወዝተኛ ማለት ነበር። በምሽት ክበብ የሚጫወተውም ቢሆን መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ስለ ነበረ፥ ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ዕለት ባዶ እጁን ይወጣ ነበር። ዋልያሶች ግን መሣሪያቸውን በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው ለራሳቸው አደሩ። በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴልም ዐሥር ዓመት ያህል ተጫወቱ። በሰዓት እላፊው ዘመን ወደ ቤቱ ለመመለስ ያልቻለ አድማጭ እስኪነጋ ድረስ እየሰማቸው ያድር ነበር።

በ1960ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ «ሳይከደሊክ ሮክ» የተባለ ሙዚቃ ተነሣ። የኤሌክትሪክ ድምፅን እያወዛወዘና እያስተጋባ ሰሚውን ሕልም ውስጥ ያለ የሚያስመስል ነው። የ«ቼ በለው» ኦርጋን የዚህ ሙዚቃ የሩቅ ዘመድ መሆኑን አንክድም። አንድ ጊዜ እንደ ተረበኛ ሽማግሌ ያጕተመትማል፤ ሌላ ጊዜ እንደ ሕፃን ይኰላተፋል፤ የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንም በመካከሉ እንደ ካፊያ ጠብ ጠብ ይላል። ቅኝቱ ግን የኛው ቅኝት ነው።

እንግዲህ ወደ ክሱ እንመለስ። በመጀመሪያ «ቃል የለውም» ለተባለው፥ አዎን፥ ሙዚቃው የቆመው በመሣሪያ ድምፅ ነው። ስለዚህም አስተርጓሚ አያስፈልገውም! በአንዱ ሸክላ ላይ «ሎሚ ተራ ተራ» እና «ብርቱካኔ» ከትግርኛው «እቲ ጓል ብሌናይ» ጋር ጐን ለጐን ተቀምጠዋል። ከጭልሞ ደን ሥር፥ ከጊንጪ እስከ አምቦና እስከ ጉደር፥ በኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ ሦስቱንም ያለ መዝገበ ቃላት ይሰማቸዋል። ቋንቋዋ በበዛ አገር ይህን የሚያኽል መልእክት ከወዴት ይገኛል? ደግሞም የዘፈን ቃል በመርማሪ ፊት ካላለፈ በማይሰማበት በዚያ ዘመን፥ ከኦርጋን ድምፅ ላይ መስመር ሊሰርዝ የሚችል እርሳስ እንዳልነበረ አንባቢ ያስተውል።

ሁለተኛ፥ «መሣሪያው የባዕድ ነው» ለሚሉት ጥያቄ እንጠይቃቸዋለን። በ1936 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ ባናገሩ ጊዜ «ሼክስፒር የባዕድ ነውና ይቅርብን» ያለ አስተዋይ ሰው ነበረን? ይልቁንም ባዕዱ በኛ አፍ መናገሩ ክብራችን ሆነ። በቀለምና በብራና የተፈቀደው ነገር በኦርጋንና በጊታር የሚከለከለው በምን ሕግ ነው? ደግሞስ «ቼ» የማን ቃል ነው? ፈረሱን የሚያስጋልብ ኹሉ የሚያውቀው ጥሪ አይደለምን? አባ ዳኘው፥ አባ መላ እያልን ታላላቆቻችንን በፈረሳቸው ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ፥ ለፈረስ የተባለውን ቃል በሸክላ ስም ባየነው ጊዜ «የባዕድ ነው» ማለት ራሳችንን አለማወቅ ነው። በበዓል ቀን ፈረሱን በጕትዬ ሸልሞ ለሚወጣው ለምዕራብ ሸዋ ፈረሰኛማ ይህን ማስረዳት አያሻም።

ሦስተኛውና ክፉው ክስ «ዋዛ ነው» የሚለው ነው። የጐንደሩ ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ያልተሣቀበት ቤት በአገራችን አይገኝም። ነገር ግን ተክሌ የተባለውን አዲስ የአቋቋም ስልት ያፈለቁት እኒሁ ቀልደኛ ሊቅ መሆናቸው ይነገራል። ሣቁና ዕውቀቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው አደሩ፤ ምናልባትም አንዱ ሌላውን ወለደው። በባሕር ማዶም ቢትልሶች በ1966 ዓ.ም. «ቢጫው ሰርጓጅ መርከብ» የተባለውን የልጆች ጨዋታ የሚመስል ዘፈን ከጥልቅ ሥራዎቻቸው ጋር በአንድ ሸክላ ሲያወጡ ዋዘኞች ተብለው አልቀሩም። ፊትን ማኰሳተር የቁም ነገር ምልክት ቢሆን ኖሮ፥ ከኹላችን የሚበልጠው ሊቅ የጥርስ ሕመምተኛ በሆነ ነበር።

ይህ ክርክር ስለ ጣዕም ብቻ ቢሆን ብዕር ባላነሣን። ንቀት ዋጋ ያስከፍላል። ዋልያሶች በ1981 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተጕዘው ሲጫወቱ፥ አቶ ኃይሉ፥ አቶ ግርማ በየነ፥ አቶ ሞገስ ሀብቴና አቶ መላኬ ገብሬ በዚያው ቀሩ። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለውን ዝነኛ ዜማ የደረሱት አቶ ግርማ ብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው በነዳጅ ማደያ ሠሩ። አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ፥ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ኋላ ያኖሩትን ኪቦርድ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ያወጡትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ በባሕር ዳር አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው፤ «ቼ በለው»ም በዚያው አሳታሚ እጅ በ2014 ለዓለም ተዳረሰ። አሳታሚውን እናመሰግናለን። ነገር ግን ያ ካሴት የተገኘው በኛው ከተማ ነው፤ ማናችንም በጥቂት ብር ገዝተን በክብር ልናኖረው እንችል ነበር። ያላኖርነው ገንዘብ አጥተን ሳይሆን «ዋዛ ነው» ብለን ነው።

በ2004 ዓ.ም. የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ወጥቶ የተዋንያንንና የድምፅ ሪከርድ አዘጋጆችን መብት ደንግጓል። መልካም ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የተወደደውን ይጠብቃል እንጂ የተናቀውን አያስወድድም፤ ይህ የኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ ባለሥልጣኖች በየቤቱና በየአሮጌው መደብር የቀሩት ሸክላዎችና ካሴቶች አቧራ ሳይበላቸው እንዲሰበሰቡ ያድርጉ። መምህራን አንድ ቀን ለትምህርቱ ሰዓት ሩብ ያኽሉን ሰጥተው «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለተማሪዎቻቸው ያሰሙ፤ የሰሙትንም በገዛ ቃላቸው ያጽፏቸው። በአምቦም ሆነ በሌላ ከተማ ጊታርና ኦርጋን ይዘው በየጓዳው የሚለማመዱ ወጣቶችም ሣቃቸውን አይፈሩ፤ መሣሪያቸውን ራሳቸው ገዝተው ለራሳቸው ይደሩ። ከዚህ በኋላ ሸክላውን ከዳር እስከ ዳር አድምጦ አሁንም «ዋዛ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ይናገር፤ ሰምቶ ተናግሯልና እኛም እንሰማዋለን።