«ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት ይቁም!

ከአጣና ተራ እስከ አየር ጤና አንድ የሰፈራችን ልጅ «ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ቢል የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል። ጓደኛ «ፈታ በል» ይላል። አንዱ ክሊኒክ «ጨጓራና ታይፎይድ» ብሎ ኪኒን አስይዞ ይሸኘዋል። የተማረው ደግሞ «ጭንቀት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኛ በጣም የሚያናድደን ይሄኛው ነው፤ ያወቀ ይመስላላ!

ጋዜጠኝነት ስንማር «ምን ሆነ?» ብሎ «ለምን?» ሳይል የተመለሰ ዘገባ ጎዶሎ ነው ተብለናል። ታዲያ ለምን ተጨነቀ?

እስቲ እንቁጠር። የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይወርዳል፣ ሰውነት ይከሳል። የደም ማነስም ልብ ያስመታል። የሪዩማቲክ የልብ ሕመምም እንዲሁ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ ድንገት ሲወርድ ይርበተበታል። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል ራሱ እጅ ያንቀጠቅጣል። ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣው ቡናስ? ጫቱ፣ ዱካኩ፣ ጨብሲውስ? ብዙ የሚጠጣ ሰው መጠጥ በድንገት ሲያቆምም ይንቀጠቀጣል።

የአእምሮውም ወገን ቢሆን አንድ አይደለም። በደቂቃዎች ውስጥ «ሞትኩ» የሚያሰኝ ድንገተኛ ፍርሃት አለ። ወራት የሚዘልቅ ስጋት አለ። ከጦርነት ወይም ከአደጋ በኋላ የሚመጣ አለ። ከድብርት ጋር ተቆራኝቶ የሚመጣም አለ። ሕክምናቸው ይለያያል።

«ምርመራ ገንዘብ ነው» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው። ግን መቼ ጀመረህ? ምን ትወስዳለህ? ከሳህ ወይ? ብሎ መጠየቅ ስንት ብር ነው? የልብ ምት በጣት ይቆጠራል። የደም፣ የታይሮይድና የልብ ምርመራ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ፣ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ለማይታወቅ በሽታ የሚገዛው ኪኒን ነው ኪሳራው!

ምርመራው ሁሉ «ደህና ነህ» ብሎትም ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚንከራተት አለ። ለምን? «አማኑኤል ይሻልሃል» እኛ ዘንድ ስድብ ስለሆነ! የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመርነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ የባለሙያው እጥረት ይገባናል። ስድቡ ግን የበጀት ጉዳይ አይደለም።

ኮልፌ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ዘነበወርቅ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተተወ ሰፈር ተብሎ ሲሸሽ የኖረ ነው። ዛሬ አለርት ሆስፒታል በር ላይ ወረፋ የሚይዘው የሁሉም በሽታ ሕመምተኛ ነው። ነውር እንዲህ ይሞታል።

ጸበሉንም ዱዓውንም አንነካም፤ እናንተም ምርመራውን አትከልክሉ፣ የተጀመረ መድኃኒትም አታስጥሉ። ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም «ሕይወቴን ላጥፋ» የሚል ካለ ግን ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት!

ለሌላው ሁሉ፣ «ጭንቀት ነው» ለሚላችሁ አንድ ቃል መልሱለት፦ ለምን?