የ«ለስላሳ» ተቃራኒው ምንድን ነው?

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። የ«ለስላሳ» ተቃራኒው ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ያሰበ ሰው ቶሎ ብሎ «ጠንካራ» ይላል። ደነባ ገበያ የበግ ጠጉር ዘርግታ የተቀመጠች እናት ብትጠየቅ ግን መልሷ «ሻካራ» ነው። ልክም እርሷ ናት። ከዚህች ትንሽ ልዩነት ስንት ስሕተት እንደሚፈለፈል ለማሳየት ነው ብዕር ያነሣሁት።

እንግሊዞች «ሶፍት» የሚሉት ቅጽል በመሠረቱ ሲጫኑት የሚሰረጉደውን ነገር ይገልጻል፤ ተቃራኒውም አልሰረጉድም የሚለው «ሃርድ» ነው። የእኛ «ለስላሳ» ግን የመዳፍ ቃል ነው፤ ሲዳብሱት የማይኮሰኩስ ማለት ነው። የወንዝ ጠጠር ለስላሳ ነው፤ ጥርስ ግን ይሰብራል። የመንዝ ባና እንደፈለጉ ይታጠፋል፤ ለስላሳ ነው ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሁለቱ ቃላት አንዳንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም።

«ለስላሳ ዳቦ እንል የለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፣ እንላለን። ቃል ወደ ጎረቤቱ ቤት ብቅ ቢል ነውር የለበትም፤ ነውሩ ጎረቤቱን ከቤቱ ማስወጣቱ ነው። ዛሬ የምናየውም ይህንኑ ነው። እንጀራው ለምለም፣ ቅቤው ለጋ፣ ዱቄቱ ልም፣ ሊጡ ላላ ያለ፣ ዋልካው በክረምት የላቆጠ፣ ጠባዩ ገር፣ ልቡ ርኅሩኅ፣ አነጋገሩ ለዘብ ያለ ነበር። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ብዙውን ጊዜ አንዲት «ሶፍት» ትበቃዋለች። ይህ የእርሱ ጉዳይ ነው። እኛ ግን ስምንቱን ጥለን በአንድ «ለስላሳ» የምንኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕዝቡን አልከስም። ሕዝቡ ቅጽሉን ሲዋስ ዐውቆ ነው የተዋሰው። ከምሳ በኋላ «ሶፍት አምጪልኝ» የሚለው ሰው የሚፈልገው እጁን የሚያብስበትን ወረቀት ነው፤ ቅጽሉ ስም ሆኖ ተቀመጠ፣ አስተናጋጇም ሌላ ነገር አታመጣም። «ለስላሳ» ብሎ ያዘዘም ጠርሙሱ ይከፈትለታል። (እንግሊዞች መጠጡን «ሶፍት» ያሉት አልኮል ስለሌለበት ነው። ያ ጋዝ ጉሮሮ እየሰነጠቀ ሲወርድ ለስላሳነቱ የተሰማው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ቢሆንም ስሙ ጸንቷልና ይቀመጥ።) «ሶፍትዌር»ንም አልነካውም። ጆን ቱኪ የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1958 በጽሑፍ ካዋለው ወዲህ ዓለም ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው።

ክሴ በተማርነው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጆሴፍ ናይ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር፣ አንድ አገር ሳያስገድድና ሳይከፍል፣ በባህሉና በአርአያነቱ ብቻ ሌላውን ወደ ፈቃዱ የሚያመጣበትን ጉልበት «ሶፍት» የሚል ቅጽል ሰጠው። እኛ «ለስላሳ ኃይል» ብለን ተረጎምነው። ለስላሳ ኃይል ምን ዓይነት ኃይል ነው? አማርኛ እኮ ለዚህ ነገር የተፈጠረ የሚመስል ግሥ አለው፤ ማረከ። ጦረኛ ጠላቱን ይማርካል፣ ቆንጆም ልብ ይማርካል። ናይ በአንድ ሙሉ መጽሐፍ ያብራራው ሐሳብ በአንድ ግሥ ውስጥ ሰምና ወርቅ ሆኖ ተቀምጦልናል። «የመማረክ ኃይል» ብንል ደግሞ ሌላ ትርፍ አለው፤ «ማ» ሲላላ የማራኪው ነው፣ ሲጠብቅ የተማራኪው። ልብ በሉ፣ የሰዋስው መምህሮቻችን ድምፅን ሲለዩ «ይጠብቃል፣ ይላላል» አሉ እንጂ «ይጠነክራል፣ ይለሰልሳል» አላሉም። የትኛው ቃል ለየትኛው እንደሚስማማ ያውቁ ነበር።

በሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው «ለስላሳ ክህሎት»ም ከዚያው ጓዳ የወጣ ነው። እናቶቻችን «የሰው አያያዝ ያውቃል» ሲሉ የኖሩትን ነገር ማለቱ ነው። በትምህርት ቤት «ጠንካራ ውሃ» እና «ለስላሳ ውሃ» ብለን የሸመደድነውም እንዲሁ ነው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበትን ውሃ ልብስ አጣቢዋ «ሳሙና የማያረፋ» ብላ ትጨርሰዋለች። የትኛው ትርጉም የበለጠ ሳይንስ እንዳለበት ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ባንኮች «ሶፍት» የሚሉት ብድር ዘመኑ ረጅም፣ ወለዱ ትንሽ የሆነውን ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1960 ያቋቋመው ዓለም አቀፉ የልማት ማኅበር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ብድር በ50 ዓመት የሚከፈል፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከዋናው ገንዘብ ክፍያ ነጻ የሆኑበት፣ ወለድ የሌለውና 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ የሚጠየቅበት ነበር። ውሉ ለተበዳሪው ይሰጣል፣ ይላላል። ግን ዕዳ ነው፤ ቀንም አለው። «ለስላሳ ብድር» የሚለው ስም ይህን አይናገርም።

ከዓመታት በፊት በግ ለማድለብ የተደራጁ ገበሬዎች እንዲህ ያለ ብድር ወስደው ነበር። ወረቀቱ «ለስላሳ ብድር» ይላል፤ ካነበቡላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የመክፈያው ቀን ደርሶ ማስጠንቀቂያ ሲላክ አንድ ሽማግሌ መስኮቴ ላይ መጡ። «ልጄ፣ ለስላሳ ነው ብላችሁ ሰጥታችሁን፣ አሁን ምን አሻከረው?» አሉኝ። ሊክዱ አልነበረም የመጡት። ቃሉን በትክክለኛ ትርጉሙ ሰምተው፣ የማይኮሰኩስ፣ ሲመች የሚመለስ ገንዘብ መስሏቸው ነበር። በጎቹ ገና አልደለቡም። የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው ከፈሉ። የተሳሳተው የእርሳቸው አማርኛ አልነበረም።

የሚያናድደው ደግሞ በሙያችን ውስጥ ቃል ማውጣት የሚችል ሰው እንደነበረ ማወቁ ነው። እንግሊዝኛው ብድር ተወስዶ ክፍያ እስኪጀመር ያለውን ጊዜ «ግሬስ» ይለዋል። መዝገበ ቃላት ገልጦ «የጸጋ ጊዜ» የሚል ተርጓሚ ቢገጥመን ኖሮ ዛሬ ምን እንደምንል አስቡት። ስሙን የማላውቀው አንድ የአማርኛ ሰው ግን «የእፎይታ ጊዜ» አለው።

ዛሬ በመስኮቴ ብድር ሳስረዳ «ለስላሳ» የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። ወለዱን፣ ዓመቱንና የመጀመሪያውን የክፍያ ቀን እናገራለሁ። በቀደም ለአንድ የስንዴ ገበሬ «የእፎይታ ጊዜ አለው» ስላቸው ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁኝም። «እስከ የትኛው ወር?» ብቻ አሉኝ።