«ባዶ» ያልነው መሬት



ባለፈው ሴሚስተር በቡድን የሠራነው ፕሮጀክት ከከተማ ቆሻሻ ባዮጋዝ የሚያመርት ጣቢያ ዲዛይን ነበር። ቦታ መረጣው ላይ ስንደርስ ከሳተላይት ካርታ አንድ ቁራጭ መሬት መርጠን «ባዶ» ብለን ጻፍንበት። ወጪውን አሰላን፣ የቧንቧውን ርዝመት ለካን፣ ጥሩ ውጤትም አገኘን። ከሳምንታት በኋላ ለጀናዛ ስንሄድ መንገዳችን በዚያው በኩል ሆነ። ባዶ ያልነው መሬት ላይ ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል። ከዳሩ ምንጭ አለ፤ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ከአምስታችን አንዳችንም እዚያ ማን ይኖራል ብለን አልጠየቅንም። የጠየቀንም አልነበረም።

ነገሩ የተማሪ ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። የአዲስ አበባን የቆሼ ታሪክ እናስታውስ። ረጲ አካባቢ ያለው ይህ ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ቆሻሻ ሲጣልበት ኖሯል። ሲሞላ ሁለት ነገር ታሰበ፦ ቆሻሻውን ሰንዳፋ ወደሚሠራ አዲስ ማስወገጃ ማዛወር፣ ቆሼ ላይ ደግሞ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ መገንባት። ጣቢያው በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታቅዶ ነበር። ለምህንድስና ተማሪ የሚማርክ ሐሳብ ነው። የተከመረ ቆሻሻ የሚለቀው ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ አየሩን ያሞቃል፤ መብራትም ያስፈልገናል።

የሰንዳፋው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዓመቱ አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያቀናጀው ማስተር ፕላን በመሬት ጥያቄ ተቃውሞ ገጥሞት የተሰረዘበት ዓመት ነው። የሰንዳፋ ገበሬዎችም ሽታውን፣ የውሃ ብክለቱንና የካሳውን ማነስ አንስተው ተቃወሙ፤ ማስወገጃው በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። የኃይል ማመንጫው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ።

ክምሩ የተናደው በሰንዳፋ መዘጋት ብቻ ነው አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ከተማው፣ ክልሉና የኃይል ተቋሙ በየፊናቸው ሲወስኑ የገበሬውም የቆሼ ነዋሪም ድምፅ የተሰማው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። በቋንቋችን ኤሌክትሪኩም «ኃይል» ነው፣ የመወሰን አቅሙም «ኃይል» ነው። ክፍል ውስጥ የምንማረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

መድረሳ ሳለሁ ሰዎች በሦስት ነገር ሸሪኮች መሆናቸውን የሚያስተምረውን ሐዲስ ቀርቻለሁ፦ በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት። ያኔ «እሳት» ሲባል ከጎረቤት ፍም መጫር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ቦይለርና ተርባይን ስማር ትርጉሙ ሰፋብኝ። ሸሪክ ደግሞ ትርፍ ሲከፈል ብቻ የሚጠራ ሰው አይደለም፤ ውሳኔም ላይ ይጠራል። ሹራ ማለት ይኸው ነው። ጉዳትን መከላከል ጥቅምን ከማምጣት እንደሚቀድምም ከፊቅህ መርሆች ተምረናል። መብራቱ ለእኛ፣ ጭሱና ፍሳሹ ለሌላው ከሆነ ግን ጉዳቱን አልተከላከልነውም፣ ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ አዞርነው እንጂ።

አንድ ጓደኛዬ «ሁሉን እያማከርክ መቼ ልትገነባ ነው? አገሪቱ ጨለማ ውስጥ ናት» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ግን ሰንዳፋ መልሱን ሰጥታናለች፤ ብዙ ገንዘብ ፈስሶበት የተሠራ ማስወገጃ በወራት ውስጥ ሲዘጋ ጊዜ ተቆጠበ ወይስ ባከነ? ማማከር ሥራ ያዘገያል፤ አለማማከር ግን የተሠራውንም ያስቆማል።

ስለዚህ በምህንድስና፣ በከተማ ፕላንና በአካባቢ ሳይንስ ለምንማር ወንድሞችና እህቶች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልሱ። መሬቱ ላይ አሁን ማን አለ? ፍሳሹና ጭሱ ወደ ማን ይሄዳል? ከሚመነጨው ኃይል ለእነሱ ምን ይደርሳቸዋል? መልሱን ከካርታ አትፈልጉት፤ በእግራችሁ ሄዳችሁ፣ ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። መምህሩ ማርክ ባይሰጥበትም ዕውቀት አማና ነው፤ ስለሱም እንጠየቃለን።

እኔም ቡድኔን ይዤ ወደዚያ ምንጭ ልመለስ ነው፣ ኢንሻአላህ። «ባዶ» የሚለውን ቃል ከሪፖርታችን ሰርዘነዋል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ በእጃችን የሰው ሐቅ ከመጉደል ይጠብቀን። አሚን።